የኮአላ ምግብ፣ የጋሼ ደምሴ መርዝ

ባለፈው እሑድ ልጄ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና ጮኸች። «ማሚ፣ ቤቢ ኮአላ የእናቱን ፑፕ ይበላል! ሶ ግሮስ!»

እውነትም ይህ የአውስትራሊያ የዛፍ እንስሳ በግልገልነቱ የእናቱን እዳሪ ይበላል። የባሕር ዛፍ ቅጠል መርዝ አለው፤ ግልገሉ ቅጠሉን ከመድፈሩ በፊት መርዙን የሚችል ሆድ የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነው። ልጄ እየተጸየፈች ሳቀች፤ እኔ ግን ክው ብዬ ቀረሁ። ይህን በሃያ ዓመቴ ባውቅ ኖሮ ሰው ለመግደል ባልደረስኩ ነበር።

ያኔ በዲቪ ላስ ቬጋስ ከገባሁ ገና ሦስት ወሬ ነበር። ያስጠጉኝ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ ጋሼ ደምሴ ናቸው፤ ድሮ በሱዳን በኩል ተሰደው የመጡ ባለታክሲ። በብርዱ ወራት ጉንፋን ደረታቸውን ያዛቸው። ከፓርኪንጉ ዳር ካለው ባሕር ዛፍ ቅጠል ሸምጥጬ አፈላሁና፣ ብርድ ልብስ አልብሼ አጠንኳቸው። እስከዚህ ድረስ ያው የአገራችን ወግ ነው። ጉዱን ያመጣው ምላሴ ነው፤ በእንግሊዝኛ ክላስ ያነበብኩትን ላሳያቸው ፈለግሁ።

«ጋሼ፣ ይሄን ቅጠል ብቻ በልቶ የሚኖር እንስሳ እንዳለ ያውቃሉ? ውሃ እንኳ ብዙም አይጠጣም። ቀኑን ሙሉ ዛፍ ላይ ይተኛል።»

«እኔም ያጣሁት እንቅልፍ ነው። ለሰውስ ይጠጣል?»

«ምን ችግር አለው? ምግብ ከሆነማ መድኃኒትም ነው» አልኩ፣ አዋቂ ነኝ ባይዋ። በትልቅ ኩባያ ቀድቼ፣ ማር ጨምሬ ሰጠኋቸው።

ግማሽ ሰዓት አልቆየም። ያስመልሳቸው ጀመር። «አንቺ ልጅ፣ ቤቱ ይዞራል» ብለው ተዝለፈለፉ። አምቡላንስ ስጠራ የገዛ አድራሻችን ጠፋኝ።

ሆስፒታል ሐኪሟ ምን እንደጠጡ ስትጠይቀኝ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ «ኮአላ ይበላዋል» አልኳት። ትክ ብላ አየችኝ።

«የኮአላ ጉበት ለዚያ መርዝ የተፈጠረ ነው፤ የሰው አይደለም። ቀኑን ሙሉ የሚተኛውም ቅጠሉ አቅም ስለማይሰጠው ነው» አለችኝ። መርዝ በማር አጠጥቻቸው ኖሯል! ቢሞቱስ? ለአባቴ ምን ብዬ ልጽፍለት ነው?

በማግስቱ ነፍስ ዘሩ። ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ ከካዚኖ የሌሊት ሥራቸው በቀጥታ መጥተው «ማነው ይሄን ያጠጣህ?» ብለው አምባረቁ። እውነቱን ቢያውቁ በዚያው ቀን ሻንጣዬ ውጭ ነበር፤ ሌላ መግቢያም አልነበረኝም።

«ራሴ ነኝ» አሉ ጋሼ። «እሷማ አይጠጡ ብላኝ ነበር።»

አፌን ስከፍት በዓይናቸው ዝም አሰኙኝ።

ጋሼ ደምሴ ዕድሜ ጠግበው ካረፉ ቆዩ። እትዬ ዘውዴ ግን ዛሬም በመጣ እንግዳ ሁሉ ፊት «ባሌ ግትር ነበር፤ ይቺ ልጅ እየለመነችው መርዝ ጠጣ። አምቡላንስ ጠርታ አተረፈችልኝ» እያሉ ይመርቁኛል። እኔም አንገቴን ደፍቼ «አሜን» እላለሁ።