ከታፔላ ላይ ያነሳሁት ስም

ከሀገር የወጣሁ ዕለት ማለዳ አባቴ እስከ አውቶቡሱ ልሸኝህ ብሎ ተነሳ። አባቴ አለሙ ቀጥቃጭ ነው፤ ማረሻና ቢላ ይሠራል። አብረን እንዳንታይ ፈርቼ "ብርድ ነው፣ ይቅርብህ" ብዬ ከደጃፉ መለስኩት። እሺ ብሎ ገባ።

በመተማ በኩል ተሻግሬ፣ ገዳሪፍ ሁለት ዓመት ተቀምጬ አትላንታ ደረስኩ። የአትላንታ ሙቀት የሱዳን ነው፣ ብቻ ላብ ይጨመርበታል። ዳቦው ደግሞ ጨው የረሱበት ይመስል ስኳር ስኳር ይላል። ይህን ሁሉ ቻልኩት። ያልቻልኩት የሀገሬን ሰው ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ገና ሰላም ሳይሉኝ "የማን ልጅ ነህ?" ይሉኛል። ቀጥቃጭ በዓይኑ ሰው ይበላል የሚለው ወሬ እኮ ቪዛ አይጠየቅም።

ስለዚህ ሲቲዝን ስሆን ስም ለወጥኩ። የኢሚግሬሽን ቢሮዋ ሴትዮ "አዲሱ ስም?" ስትለኝ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ያየሁት የጥርስ ሐኪም ታፔላ ትዝ አለኝና "ኬስለር" አልኳት።

"ምክንያት?"

"ለመጥራት ይቀላል።"

"ለማን?" አለችና ማኅተሙን መታችበት።

በዓመቱ ሚስስ ኬስለር ከሚባሉ የአቮንዴል እስቴትስ አሮጊት ደብዳቤ ደረሰኝ። የቤተሰባቸውን ታሪክ ስለሚሰበስቡ በስልክ ማውጫው ላሉ ኬስለሮች ሁሉ ጽፈዋል። ዝም ብላቸው ስኮትዴል አፓርታማዬ ድረስ ትልቅ መዝገብ ታቅፈው መጡ።

"ሚስተር ኬስለርን ፈልጌ ነበር።"

"እኔ ነኝ።"

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። "በየት በኩል ነው የምንዛመደው?"

"በአባቴ በኩል" አልኩ፤ ምን ልበል?

ሶፋዬ ላይ ተቀምጠው መዝገቡን ዘረጉ። ኬስለር በጀርመንኛ የመዳብ ድስት ሠሪ ማለት ነው አሉኝ። የመጀመሪያው ኬስለር መዶሻውን ይዞ ከመንደር መንደር እየዞረ ድስት የሚጠግን፣ ማንም ቤቱ የማያሳድረው ሰው ነበር። ልጆቹ በራይን ወንዝ ወርደው ከሆላንድ በመርከብ ፔንስልቬኒያ ገቡ፤ የልጅ ልጆቹ በጋሪ ጆርጂያ ደረሱ። ስሙን አንዳቸውም አልጣሉትም። ሴትየዋ ይህን ሲነግሩኝ ከኩራታቸው ብዛት ፊታቸው በራ።

"የአንተስ አባት ምን ይሠራል?"

እውነቱ አፌ ላይ መጥቶ ነበር።

"አስተማሪ ነው" አልኩ። መዝገባቸው ላይ ጻፉት። እሳቸውን ሸኝቼ በሩን ስዘጋ በራሴ አፍሬ መቀመጥ እንኳ አቃተኝ።

እሑድ ሀገር ቤት፣ ጎረቤታችን ስልክ ደውዬ አባቴን አስጠራሁት። ሁሉንም ልነግረው ቆርጬ ነበር።

"አባባ፣ ስሜን..."

"አውቃለሁ፤ የላክኸው ደብዳቤ ፖስታ ላይ ጎረቤቶች አንብበውልኛል" አለኝ። "ሰፈሩ ሲጠይቀኝ፣ እዚያ አገር ሠራተኛ በአሠሪው ስም ነው የሚጻፈው አልኳቸው። እንደሱ ነው አይደል?"

መስመሩ ይንጫጫል።

"እንደሱ ነው፣ አባባ።"

"ተመስገን" አለ። "እኔስ በእኔ አፍረህ መስሎኝ ነበር።"