አስተርጓሚው ዝም ያለ ዕለት

ዋቅወያን ጅል የሚለው ሰው ካለ አልከራከርም። እኔም ብዬዋለሁ። ሌላ ሰው ሲለው ግን ደሜ ይፈላል፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም፣ ግባኝ ብዬም አልለምነውም።

አንድ ክፍል ውስጥ ነበር የምንሠራው፤ እኔ የችሎት ጸሐፊ፣ እሱ አስተርጓሚ። ከተማዋን አልጠራም። ከነቀምቴ በአውቶቡስ ከአንድ ሰዓት አትበልጥም፣ ይበቃችኋል። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፣ ሃምሳ ስድስት ሃምሳ ሰባት ግድም። ችሎት የሚካሄደው በአማርኛ ነበር፤ ባለጉዳዩ ደግሞ ከመቶው ዘጠናው ኦሮሞ። ስለዚህ ባለጉዳዩ በኦሮምኛ ይናገራል፣ ዋቅወያ በአማርኛ ይመልሰዋል፣ እኔ ዋቅወያ ያለውን እጽፋለሁ። በአማርኛ ያልተነገረ ነገር መዝገብ ላይ የለም።

የሚገርመው ምን መሰላችሁ? ዳኛው ኦሮምኛ ያውቃሉ። ሃያ ዓመት ወለጋ የኖሩ ሰው፣ ገበያ ወጥተው በቅቤ ዋጋ ሲከራከሩ የአገሬውን ሴት አፍ የሚያስይዙ ናቸው። እኔም የሸዋ ሰዎች ልጅ ብሆንም እዚሁ ተወልጄ አፌን የፈታሁት በሁለቱም ነው። ሁላችንም እንሰማለን። ሰምተን ግን እንዳልሰማ ሰው ፊታችንን አስረን ዋቅወያን እንጠብቃለን። ደንብ ነው፤ ደንቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።

ዋቅወያ በማሳጠር የታወቀ ነበር። አንድ ሽማግሌ ስለ አባቱ፣ ስለ አያቱ፣ ስለ ወንዙና ስለ ሞቱ በሬዎቹ ሩብ ሰዓት ያወራል። ዋቅወያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «መሬቱ የአባቴ ነው ይላል» ይላል። አለቀ! ዳኛው በዚህ ይወዱት ነበር። እኔም እወደው ነበር፤ እጄን አሳርፎልኛል። ጸጥ ያለ፣ ልብሱ ንጹሕ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ የማይቀር፣ ከሰው ጋር ክፉ ቃል ያልተነጋገረ ሰው ነው።

ከዚያ ስምንተኛ ክፍል ያላለፈ እድገት የለውም የሚል ነገር መጣ። ሁለታችንም ስድስተኛ ላይ ያቆምን ጎልማሶች ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነቀምቴ እየሄድን ከልጆቻችን እኩዮች ጋር ዴስክ ላይ ተቀመጥን። ጉልበቴ ዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ ያየሁት ፍዳ!

ታሪክ የሚያስተምረን ሚስተር ኩሪያን የሚባል ህንዳዊ ነበር። ቀጭን፣ ጠመኔው ሁልጊዜ ኮቱ ላይ ያለ ሰው። አንድ ቅዳሜ ሰሌዳው ላይ «የኢምፔሪያሊዝም ምክንያቶችና ዘዴዎች» የሚል ነገር ጻፈ። ምክንያቶቹን ቶሎ ጨረሰ፤ ለፋብሪካ ጥሬ ዕቃ፣ ለሸቀጥ ገበያ፣ ክብር፣ የነገሥታት ፉክክር። ዘዴዎቹ ላይ ሲደርስ ጠመኔውን አስቀመጠ።

«ጦር ነው ትላላችሁ» አለ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው እንግሊዝኛ እየቀላቀለ። «ጦር አንድ ጊዜ ይመጣል። ከዚያ በኋላ የሚገዛው ወረቀት ነው። ውል ያስፈርማሉ፣ መሬት ይለካሉ፣ ከአገሬው ሰው ሹመኛ ይመርጣሉ፣ ፍርዱን በራሳቸው ቋንቋ ያደርጋሉ። በአገሬ እንግሊዞቹ ጥቂት ነበሩ፣ እኛ እንደ አሸዋ ነበርን።»

«ታዲያ እንዴት ገዟችሁ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«በአባቴ» አለ ሚስተር ኩሪያን። «አባቴ ለእንግሊዝ ዳኛ ሠላሳ ዓመት አስተርጓሚ ነበር። እሱና መሰሎቹ አንድ ቀን አፋቸውን ቢዘጉ ኖሮ ያ ችሎት በማግሥቱ በሩን ይዘጋ ነበር። አልዘጉም። እኛም በልተን አደግን፣ ተማርን።» ከዚያ ሳቀ። ማንም አልሳቀለትም።

እኔ ዘዴዎቹን አንድ በአንድ ገለበጥኩ። ዋቅወያ ምንም አልጻፈም።

ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ወደ እኔ ዞረ። «ተካ፣ የእኛ አገር ቅኝ አልተገዛችም፣ አይደል?»

«ምን ነካህ? ጣሊያንን ያባረርን ሰዎች!»

«እሱማ አዎ» አለ። ደግሞም፣ «መሬቱ ግን ተለክቷል» አለ። ኧረ ተወኝ ብዬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ደክሞኝ ነበር።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ማሳጠሩን ተወ። ሽማግሌው ስለ በሬው ከተናገረ በሬውን ከነቀለሙ ያመጣዋል። እኔ እጄ ዛለ፤ ዳኛው ጠረጴዛ መምታት ጀመሩ። «ዋቅወያ፣ ምን ሆነሃል? አሳጥር እንጂ!» እሱ፣ «እሺ ጌታዬ» ብሎ ያው ነው።

ታዲያ በመጋቢት የአዴ ድርቤ ጉዳይ ቀረበ፤ አዴ በኦሮምኛ እማማ እንደ ማለት ነው። አዴ ድርቤ ከጉቴ ወዲህ ካለ ገጠር የመጡ፣ ሰባ ዓመት የዘለሉ ባልቴት ናቸው። የከሰሷቸው አዲስ አበባ የሚኖሩ አንድ ባለመሬት ነበሩ፤ ጠበቃቸው አቶ ዓምደሚካኤል መሬቱ በቃላድ ተለክቶ፣ ለመንግሥት ገብቶ፣ ለደንበኛቸው የተሰጠ ነው አሉ። ቃላድ ማለት ያ መሬት መለኪያ ገመድ ነው። ሴትዮዋ ይልቀቁ፣ ነገሩ ይኸው ነው።

አዴ ድርቤ ተነሡ። እንዲህ ያለ ንግግር ብዙ አልሰማሁም፤ ቀስ ብለው፣ ሳያለቅሱ፣ ሳይሳደቡ። መሬት ለኪዎቹ ገመድ ጣዮች ሲመጡ እሳቸው ሙሽራ ነበሩ፣ ውሃ ያቀበሏቸው እሳቸው ናቸው። ገመዱ ከትልቁ ዋርካ አላለፈም፤ ዝናብ መጣ፣ ሰዎቹ ሄዱ፣ ተመልሰውም አልመጡም። የእሳቸው እርሻ ከዋርካው ወዲያ ነው። ስለዚህ አልተለካም፣ ያልተለካውን ለሰው መስጠት አይቻልም። ያንን ቀን ያየ ሰው ከእሳቸው በቀር ሁሉም ሞቷል። ይህ ቃል መዝገብ ላይ ከሰፈረ ችሎቱ ሰው ልኮ ማስለካት ግዴታው ነው። ካልሰፈረ መሬቱ ሄደ። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ዳኛውም ያውቃሉ። ሴትዮዋ ሲናገሩ ዳኛው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ እኮ! በዓይኔ ነው ያየሁት።

አዴ ድርቤ ጨርሰው ቆሙ። ዳኛው እንደ ደንቡ ወደ ዋቅወያ ዞሩ። «በል፣ አሳጥረህ።»

ዋቅወያ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌታዬ፣ ሰምተዋቸዋል» አለ።

«ምን አልክ?»

«ሰምተዋቸዋል። ለራሳቸው ይመልሱላቸው።» ከዚያ አፉን ዘጋ።

ወይ ጉድ! ምን እንዳሰበ አውቃለሁ። ያ ህንዳዊ ያለውን አምኖ፣ «እኔ ዝም ካልኩ ዳኛው የግድ ፊት ለፊት ያናግሯቸዋል» ብሎ ነው። ሞኝ! የችሎት ሰው ሆኖ አሥራ አንድ ዓመት፣ መዝገብ እንዴት እንደሚሠራ ጠፋው።

ዳኛው አንድ ጊዜ ደገሙለት፣ ሁለተኛ ደገሙለት። አልተናገረም። ከችሎቱ ውጣልኝ አሉት፣ ወጣ። አቶ ዓምደሚካኤል ተነሥተው ጉዳዩ ከዛሬ እንዳያልፍ ለመኑ። ዳኛው ወደ እኔ ሳያዩ፣ «ጸሐፊ፣ ጻፍ» አሉኝ። «ተከሳሽ ለቀረበባት ክስ መልስ አልሰጠችም።»

ጻፍኩ። ብዕሩን ነክሬ፣ የፊደሉን እግር አሳምሬ ጻፍኩ። ምንም አልተሰማኝም። ምን ይሰማኝ ነበር ብላችሁ ጠይቁኝ፣ እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ።

ዋቅወያ ያን ሳምንት ተሰናበተ። እሱ ከወጣ በኋላ ዳኛው ያጻፉኝን የነገርኩት እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ አላመነኝም፣ ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። «ገደልኳቸው» አለ። የሴትዮዋን ፊት እንዳያይ ብሎ ወደ ጊዳ ሄደ፤ እዚያ ጨው ይሸጣል ሲሉ ሰምቻለሁ። በእሱ ቦታ የመጣው አስተርጓሚ አጭር ተናጋሪ ነበር። በሰኔ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ላይ የኢምፔሪያሊዝምን ሦስት ዘዴዎች ጥቀሱ የሚል ጥያቄ መጣ። ሦስቱንም ጽፌ አለፍኩ፣ እድገቱንም አገኘሁ።

ከዚያ በፊት ግን፣ መሬቱን ይልቀቁ የሚለው ፍርድ በተሰጠ በአሥረኛው ቀን፣ አዴ ድርቤ የውሳኔውን ግልባጭ ሊወስዱ መጡ። ይግባኝ ሊሉ ነው፣ ወደ ነቀምቴ። የጎረቤታቸው ልጅ በቅሎ ላይ አውጥታ አምጥታቸዋለች። ወረቀቱን አጥፌ ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ይዘው ገልበጥ አድርገው አዩት፤ ማንበብ አይችሉም።

«ተካ፣ ኢልሞ ኮ» አሉኝ በኦሮምኛ፣ ልጄ ሲሉኝ ነው። «እዚያ ያሉት ዳኞች እኔን አያዩኝም፣ ወረቀቱን ነው የሚያዩት አሉኝ። የዋርካውን ነገር ጽፈህልኛል? ያልኩትን ሁሉ?»

አልጻፍኩም ለማለት አንድ ቃል ይበቃ ነበር። በየትኛውም ቋንቋ።

«ጽፌያለሁ፣ አዴ» አልኳቸው። «ሁሉም አለ።»

ፊታቸው በራ። እጄን ያዙና መረቁኝ፤ ልጆችህ ይደጉልህ፣ እጅህን አይመምህ፣ ዋቃ ይጠብቅህ አሉኝ። እኔም አሜን አሜን እያልኩ እስከ በሩ ሸኘኋቸው። ከዚያ ሌላ ባለጉዳይ ተጠራ።