ባዶ የተባለው ቦታ

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ወንፊት» ነው የሚሉት። ሃያ ዓመት ሙሉ ከቴሌስኮፕ የሚመጣ ምስል ሲያጠራ የኖረ ሰው ነው። ሚስቱማ «አንተ ምስር ስትለቅም እንኳ ጠጠር አያልፍህም» እያለች ትቀልድበታለች። የራሳችን ሰማይ ጨለማ ቢመስልም ትንሽ ያበራል። ወንፊት ምስሉ ላይ ካለው ጋላክሲ አጠገብ ባዶ ቦታ ይመርጥና፣ የዚያን ብርሃን ለክቶ ከምስሉ ላይ ይቀንሳል። መተዳደሪያው ይኼው ነው።

አለቃው የነበሩት ፕሮፌሰር ደግሞ በአንድ ሐሳብ ግትር ያሉ ሴት ነበሩ። «መሃላቸው ያለው ጥቁር ጉድጓድ ኮከብ የሚቦጫጭቅባቸው ጋላክሲዎች አሉ አይደል? ዳር ዳራቸውን የሚያበራ ጋዝ አለ» ይሉ ነበር። «ጉድጓዱ ዛሬ ጋብ ቢልም፣ ድሮ ጠግቦ ሲበላ የረጨው ብርሃን ገና አሁን እዚያ እየደረሰ፣ የጋዙን ኤሌክትሮን እየነጠቀ ያፈካዋል።» ወንፊት አጠራ፤ ምንም የለም። ደግሞ አጠራ። «የለም ፕሮፌሰር፣ ኦና ነው» አላቸው። አመኑት። የሰው ሳቅ ችለው ጡረታ ወጡ።

በቀደም ያንኑ ምስል ሲነካካ፣ ባዶ ያለውን ቦታ ራቅ አድርጎ መረጠ። ክው አለ! ጋዙ ጋላክሲውን ከቦ ቦግ ብሎ ታየ። ለካ ያኔ «ባዶ» ያለው ቦታ ላይም ጋዙ ተዘርግቶ ኖሯል፤ ጋዝን በጋዝ ሲቀንስ ከርሟል። ወይ ነዶ!

ሚስቱ «ተወው፣ ማን ያውቅብሃል?» አለችው። እውነቷን ነው፣ ጠያቂ አልነበረውም። ልቡ ግን እምቢ አለው። ምስሉን አትሞ ወደ ፕሮፌሰሯ ቤት ሄደ።

ፕሮፌሰሯ አልጋ ላይ ናቸው፤ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። መነጽራቸውን አድርገው ምስሉን አዩት፣ አዩት፣ ከዚያ እንደ ልጅ ሳቁ።

«አለ! አላልኩም?»

«ብለዋል።»

«በአዲስ ቴሌስኮፕ ነው?»

እዚህ ላይ «አዎ» ቢል ግልግል ነበር። ውሸቱ ግን ከአፉ አልወጣ አለ።

«የድሮው ምስል ነው። ያኔ ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

«ስንት ዓመት ሆነው?»

«አሥራ አንድ።»

ሳቃቸው ከፊታቸው ጠፋ። ምስሉን ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጡት።

«ደብተሮቼን እኮ» አሉ ቀስ ብለው፣ «የሠላሳ ዓመት የምርምር ደብተሮቼን... አንተ የለም ስትለኝ አቃጠልኳቸው።»

 ወንፊት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። እሳቸው አዩት እንጂ አላባበሉትም።