ሃምሳውን የጾመችው አሰፋሽ

አሰፋሽ ጎረቤቴ ናት፤ እኔን ጉዴን እንደ እናት ቆጥራ «አዴ» ትለኛለች። በጃንሆይ ጊዜ አምቦ ውስጥ እንደ እሷ ያለ ሳቂታ ልብስ ሰፊ አልነበረም፤ የስፌት መኪናዋን እየዘወረች ስታንጎራጉር ግቢያችን ሥራ ይፈታ ነበር። ባሏ ሙለታ ከጊንጪ እህል የሚያመላልስ ሾፌር ነው። ደግ ሰው ነው፣ አፉ ግን አያርፍም።

አንድ ቀን የሠርጋቸውን ፎቶግራፍ እያየ «ያኔ እኮ መቃ ነበርሽ!» አላት። ቀልዱን ነው። አገር ሁሉ ደም ግባቷን እያደነቀ እሷ ያቺን ቃል ይዛ ቀረች። በዚያ ላይ ጊንጪ ማደር አብዝቷል፣ ልጅም ገና አልወለዱም። «ሌላ ቀጭን አይቶ ነው፤ ሊተወኝ ነው» አለች በልቧ። ምግብ ተወች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይሄ ነው!

ጊዜው ሁዳዴ ነበርና ማን ይጠይቃታል? ፋሲካ ደርሶ ሰው ሁሉ ዶሮውን ሲግጥ ግን እሷ «ስለት አለብኝ» ብላ ውኃ ትጠጣለች። በሃምሳው! ቄሱ እንኳ ረቡዕና ዓርብ በሚበሉበት በሃምሳው! ሙለታ ደግሞ ስለቱን አምኖ፣ ጾመኛ አይነካም ብሎ መደብ ላይ ለብቻው መተኛት ጀመረ። እሱ አክብሮ ሲርቃት፣ እሷ «ይኸው ጠላኝ» ብላ ያቺኑ የምትቀምሳትን ቁራሽም ተወች።

አንድ ማለዳ ፍል ውኃ አብረን ወረድን። እንፋሎቱ ከቦን የሰው ድምፅ ብቻ ከሩቅ ይሰማል። ገለጥ ሲል ጀርባዋን አየሁት። አጥንት ብቻ!

«ያ ረቢ! ማል ታቴ ልጄ? ምን ሆነሽ ነው?»

ዓይኗን ጨፍና ፈገግ አለች። «አዴ ጉዴ፣ ስራብ እኮ ደስ ይለኛል። እግሬ መሬት አይነካም። ወንጪ ሐይቅ ላይ በጀልባ የምሄድ ይመስለኛል። ሙለታ ማዶ ቆሞ ያየኛል፣ እኔ እየቀለልኩ፣ እየቀለልኩ ወደ እሱ እሄዳለሁ። ትንሽ ነው የቀረኝ።»

«ለመሞት ነው ትንሽ የቀረሽ!» ብዬ ጮህኩባት። አለቀስኩም። ያኔ የልቧን ሁሉ ነገረችኝ።

ከዚያው ሙለታ ዘንድ ሄድኩ። መኪናው ሥር ተጋድሞ ብሎን ያጠብቃል።

«አንተ! ሚስትህ ልትሞትብህ ነው!»

«ስለት ነው አዴ ጉዴ። ልጅ እንዲሰጠን...»

«መደብ ላይ ተኝተህ ልጅ ከየት ይምጣ? ከእህሉ ጋር ተጭኖ ከጊንጪ? እንዳትተዋት ፈርታ ነው የምትራበው! መቃ ያልካት አንተ!»

መፍቻው ከእጁ ወደቀ። እጁን እንኳ ሳይታጠብ ቤቱ ገባ።

ምሳ አቀረበችለት፤ አልነካውም። ሙለታ፣ መብል ሲያይ ዓይኑ የሚስቀው ሰውዬ! እኔ ተከትዬው መጥቼ በራቸው ላይ ቆሜያለሁ። ወጡ ቀዘቀዘ።

«ለምን አትበላም?» አለችው።

«እንዳትተዪኝ ፈርቼ።»

ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ትንሽ ቆርሳ አፏ ውስጥ አስገባች። እንባዋ ይወርዳል። በመከራ ዋጠችው። ከዋጠች በኋላ ነው እሱ እጁን ወደ ገበታው የሰደደው።