እነሱ የጾሙልን ቀን

ከመካነ ሰላም የወጣሁት መስቀል በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ነው። ሌሊቱን ማን ተኝቶ! መንደርተኛው እኛ ቤት አነጋ። ሙስሊሙ ጎረቤታችን ዱዓ አደረጉልኝ፣ የነፍስ አባታችን ደግሞ ጸሎት ደገሙልኝ፣ እናቴ ሁለቱንም "በሉ ቶሎ በሉ፣ ልጁ መንገደኛ ነው" እያለች አጣደፈቻቸው። እናቴ እታገኝ ሆዷ ሲባባ የምትቆጣ ሴት ናት። እያለቀሰች የሸኘችኝ እንዳይመስላችሁ። በቅሎ ነጂውን ኮርቻው ጠሟል ብላ ሰደበችው፤ እኔን ጫማው ይጠብሃል አላልኩህም ብላ ሰደበችኝ፤ ጉልበቷን ልስም ጎንበስ ስል ደግሞ "ተነስ፣ ይመሽብሃል!" አለችኝ። ልብ በሉ፣ ገና አልነጋም።

እስከ ወረኢሉ የሸኘኝ ታናሽ ወንድሟ አያ ሞላ ነው። የከተማችን አስተማሪ ነበር፤ እናቴ ፊደል ስላልቆጠረች ደብዳቤ ጸሐፊያችን እሱ ሊሆን ነው።

"እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ" አለኝ በመንገድ ላይ። "ስድቧን ግን ቀነስ አደርግልሃለሁ።"

"ግድ የለም አያ ሞላ፣ እንዳለ ይጻፉልኝ" አልኩት።

ከወረኢሉ በጭነት መኪና ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ፣ ከዚያ በአውሮፕላን ስዊድን። መንግሥት የእርሻ ትምህርት እንድማር ነበር የላከኝ። ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ ተምሬ እመለሳለሁ፣ የእኛን የወሎ ቦረናን መሬት አለማለሁ ብዬ ስፎክር ያልሰማኝ የመንደር ሰው አልነበረም። እግዜር ያሳያችሁ፣ መጀመሪያ ያስገቡኝ ጋጣ የአሳማ ነው! የቦረና ልጅ ቦቲ ጫማ አጥልቆ አሳማ ያጥባል። ለእናቴ የጻፍኩት ግን "ከብት እርባታ እየተማርኩ ነው" ብዬ ነው። እንግዲህ መዋሸቱን የጀመርኩት እኔ መሆኔን ከወዲሁ እወቁልኝ።

ብርዱን ተዉት፣ የደጋችን የጓሣው ብርድ ለእኛ አዲስ አይደለም። ጨለማው ነው የገደለኝ። ምሳ በልተህ ቀና ስትል መሽቷል። ክፍል ያከራየችኝ ፍሩ ኤልሳ የምትባል ባልቴት ናት፤ ፍሩ ማለት ወይዘሮ ማለት ነው። እኔም እንዳሳደጉኝ በየጠዋቱ በሰባራ ቋንቋዬ፣ እንዴት አደሩ፣ ደህና ነዎት፣ ጤናዎስ፣ እግርዎስ፣ እንቅልፍዎስ ስላት ከረምኩ። አንድ ቀን ካፖርቷን ለብሳ ከውጭ ስትገባ አገኘኋት።

"ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር" አለችኝ ተኮሳትራ። "ምንም የለብሽም ብሎኛል። ከዛሬ ጀምሮ አትጠይቀኝ።"

እራቷን ደግሞ ፊቴ ቁጭ ብላ ትበላለች። ድንችና ሲል የሚሉትን ጨው የጠጣ ዓሣ ቆርሳ ቆርሳ ስትጎርስ፣ እኔ ማዶ ወንበር ላይ ተቀምጬ መጽሐፍ የማነብ አስመስላለሁ። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ "እንብላ" ብላኝ አታውቅም! እኛ አገር መንገድ ዳር ቆሎ የሚቆረጥም ሰው እንኳ ለማያውቀው አላፊ አግዳሚ እንብላ ይላል። ይህንን ለቤት ጻፍኩ፤ "እነዚህ ሰዎች ሰው እያየ ነው የሚበሉት" ብዬ። የእናቴ መልስ በአያ ሞላ የእጅ ጽሕፈት መጣልኝ፦ "አንተስ የሰው አፍ ምን ታያለህ? ጨዋ ልጅ ዓይኑን ዘወር ያደርጋል። ረቡዕና ዓርብን ጠብቅ፣ አለዚያ እኔን አያድርገኝ!" አያ ሞላ ቃሉን ጠብቋል፣ ከስድቧ ቅንጣት አልቀነሰም። ያን ደብዳቤ እያነበብኩ ለብቻዬ ስስቅ ፍሩ ኤልሳ በበሩ ቀዳዳ አይታኝ ይሆናል።

ረቡዕና ዓርብን ግን አልጠበቅሁም። የትምህርት ቤቱ ምግብ ቤት ጾም የሚባል አያውቅም፤ ሁለት ሳምንት በዳቦና በድንች ታገልኩ፣ ከዚያ ተውኩት።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ስድብ የሌለበት ደብዳቤ መጣ። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ "እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትህ ደህና ናት። ከቆላ የመጣ እንግዳ ቤታችንን ሞልቶታል። አንተ ብቻ በትምህርትህ በርታ።" አለቀ። በላህ ወይ የለ፣ ጾምክ ወይ የለ፣ እኔን አያድርገኝ የለ። እናቴ የለችበትም።

ለእናንተ ለአገሬ ሰዎች ምን አስረዳችኋለሁ? መርዶ በደብዳቤ አይላክም። መርዶ ማልደው፣ ሽማግሌ ሆነው፣ የሚደግፍ ሰው ይዘው ነው የሚያረዱት። ሰው አገር ብቻውን ላለ ልጅ ደግሞ ጭራሽ አይነገርም፤ ደህና ናት ይባላል። ይህንን እኔ አላውቅም? አሳምሬ አውቃለሁ! እኔም ራሴ ለጎረቤት ልጅ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጽፌ አውቃለሁ። ግን "አያ ሞላ ቸኩሎ ነው" አልኩና አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ሳምንት አልሞላም፣ የተማሪው ማኅበር ፊልም እናሳያለን ብሎ አዳራሽ ጠራን። መብራት ጠፋ። አንዲት ሴት ታየች፤ መቀነቷን የታጠቀችበት አኳኋን የእኛው ነው፣ አንገቷ ላይ ክር አለ፣ የታቀፈችው ሕፃን ዓይኑ ላይ ዝንብ ሰፍሯል። ከኋላዋ ሰው እንደ ጭራሮ ተረፍርፏል። ተናጋሪው "ወሎ" አለ። የገዛ አገሬን ስም በፈረንጅ አፍ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው። መብራት ሲበራ አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞሮ ነበር።

"ደምሌ፣ ያንተ አገር አይደለም?" አለችኝ ማርጋሬታ የምትባል የክፍሌ ልጅ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

አፈርኩ። በምን እንዳፈርኩ በግልጽ ልንገራችሁ፤ በመራባቸው አፈርኩ። ያቺ ሴት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጡቷ ተጋልጦ በመታየቷ፣ እነዚህ ልጆች ከእንግዲህ እኔን ባዩ ቁጥር እሷን ሊያዩ በመሆኑ አፈርኩ። ማዘን ሲገባኝ አፈርኩ። ተነሥቼ ቆምኩ።

"ውሸት ነው" አልኩ። "የእኛ አገር ደጋ ነው፤ ገብስና ስንዴ የሞላበት ነው። ይኸው፣ ቤተሰቦቼ የጻፉት ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ አለ።" አወጣሁና ቆሜ ተረጎምኩላቸው። "ደህና ነን ይላል። እንግዳ ቤታችንን ሞልቶታል ይላል። የራበው ሰው እንግዳ ያስተናግዳል?"

ከቆላ የመጡት እነዚያ እንግዶች እነማን እንደሆኑ አሁን እያነበባችሁ ያላችሁ ሁሉ ገብቷችኋል። እኔም እየተረጎምኩ ሳለሁ ገብቶኛል። ምላሴን ግን የሚይዘው አልተገኘም።

ማርጋሬታ በማግስቱ መጥታ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "ይቅርታ አድርግልኝ፣ አገርህን አዋረድን።" እኔም ይቅር አልኳት። ወላሂ፣ ይቅር አልኳት!

ማኅበሩ ግን ሐሳቡን አልለወጠም። ዓርብ ዕለት ተማሪው ምሳውን ትቶ የምሳው ሒሳብ ለወሎ እንዲላክ ተስማሙ፤ ያልተስማማ ይብላ አሉ። እኔ ምን ላድርግ? ብተወው ረሀቡን አመንኩ ማለት ነው፤ ውሸታም ነኝ ማለት ነው። ስለዚህ ምግብ ቤቱ ገባሁ። ያ ሁሉ ወንበር ባዶ ነው። ምግብ አብሳዩ ሽማግሌ ለእኔ ለአንዱ ሰው ሲል ምድጃ አንድዶ ጠብቆኛል። የአሳማ ሥጋ በድንች። ዓርብ ቀን። በመስኮቱ በኩል ተማሪው ሣሩ ላይ ውኃ ይዞ ተቀምጧል፤ ለእናቴ አገር እየጾመ ነው። እኔ እበላለሁ። የሹካዬ ድምፅ ያስተጋባል።

ሽማግሌው መጣና "ትንሽ ልጨምርልህ?" አለኝ። ያንን አገር ከረገጥኩ ጀምሮ ጨምር ብሎ የለመነኝ የመጀመሪያው ሰው ነው። እሺ አልኩት። ጨመረልኝ። ጠረግኩት።

ማታ ቤት ስገባ የፍሩ ኤልሳ ገበታ ባዶ ነው። ድንች የለም፣ ዓሣ የለም። ከወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ ሹራብ ትሠራለች።

"እራት አልበሉም?" አልኳት።

"ዛሬ አልበላም።"

"አሞዎት ነው?" ጠይቄ ጨረስኩና ክልከላዋ ትዝ አለኝ።

"አላመመኝም። ራዲዮኑ ስለ ሰዎችህ ተናግሯል" አለችኝ፣ ከሹራቧ ቀና ሳትል።

ሰዎችህ አለች። እኔ አይደሉም ያልኳቸውን እሷ ሰዎችህ አለችኝ። በልቤ ስስታም ስላት የከረምኩት ሴት! ክፍሌ ገብቼ በሬን ቆለፍኩ፣ ደብዳቤውን አወጣሁ፣ እናቴን ፈለግኋት። የለችም። ያን ጊዜ ነው ለራሴ ያመንኩት።

ሰኞ ማልጄ የውጭ አገር ሰዎች መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ትምህርቴን አቋርጬ ደርሼ ልምጣ ብዬ ፈቃድ ልጠይቅ ነው። መነጽር ያደረገ ሹም አስቀመጠኝ።

"ለምን መሄድ ፈለግህ?"

"እናቴ ሳትሞት አልቀረችም።"

"ማን ነገረህ?"

"ማንም አልነገረኝም። ደብዳቤ መጥቶልኛል።"

"ደብዳቤው ምን ይላል?"

"ደህና ናት ይላል።"

ብዕሩን አስቀመጠ። "ደህና ናት ስለሚል ሞታለች ነው የምትለኝ?"

"አዎን።"

"ሞታ ቢሆንስ ምን ብለው ይጽፉልህ ነበር?"

"ደህና ናት ብለው።"

"በሕይወት ብትኖርስ?"

"ትሰድበኝ ነበር።"

መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። "የሐኪም ወረቀት አምጣ" አለኝ በመጨረሻ። ለእሷ ይሁን ለእኔ አልጠየቅሁትም። ታክ ብዬ ወጣሁ፤ ታክ ማለት አመሰግናለሁ ማለት ነው። እነሱ አገር ሲከለክሉህም ታክ ትላለህ።

ከዚያ ለአያ ሞላ ቴሌግራም መታሁለት፤ እናቴን ይዘው ደሴ ቴሌ ይምጡ፣ በዚህ ቀን እደውላለሁ ብዬ። የሁለት ቀን መንገድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሷ ግን ጤና ካላት በእንብርክኳም ቢሆን ትመጣለች፤ መጥታም ለምን አደከምከኝ ብላ ትሰድበኛለች። ያንን ስድብ ለመስማት ስንት ቀን ቆጠርኩ መሰላችሁ። ወሩ ሚያዝያ ነው። አዲስ አበባ ሰልፍና አድማ በዝቷል፣ ወታደሩ ተነሥቷል ይባላል። መስመሩ ሲገናኝ እንደ ነፋስ ይጮኽ ነበር።

"ደምሌ! አብሽር ልጄ፣ ሁላችንም ደህና ነን!" አለ አያ ሞላ፣ ገና ሳልጠይቀው።

"እምዬን ያቅርቡልኝ።"

"እናትህማ... ወንዙ ሞልቶ አላሻግር አላት።"

"ሚያዝያ ውስጥ እኮ ነን፣ አያ ሞላ።"

አርባ ልጅ ፊት ቆሞ የሚያስተምር ሰው፣ መዋሸት አይችልበትም።

"ጸበል ገብታለች" አለ። "ከይር ነው፣ ክፉ አይደለም። ጉልበቷን ትንሽ አሟት ነው።"

"እንግዶቹስ?"

"እንግዶቹ፣ ግማሹ ወደ አገሩ ተመለሰ፣ ግማሹ እዚያው እኛው ዘንድ አረፈ። ተስቦ ገባባቸው። አታስገቢ፣ በሽታ አላቸው ብንላት ማን ሰምቶን! እየተቆጣች ታስገባለች፣ እየተቆጣች ታበላለች፣ እየተቆጣች ታጥባቸዋለች። ታውቃት የለ።"

"አውቃታለሁ።"

ከኋላው የሰው ድምፅ አለ፣ ወረፋ የሚጠብቅ ይሆናል። "ይንገሩኝ" ማለት ነበረብኝ፤ አንድ ቃል ናት። ግን እሱም ያን ሁሉ መንገድ ብቻውን መጥቷል፣ ያን ቃል ካወጣ እዚያ የሚደግፈው ሰው የለም፤ እኔም እዚህ የለኝም። ደግሞም ከነገረኝ እኔም የምነግረው አለኝ፤ እሷ ያበላቻቸውን ሰዎች እኔ የሉም እንዳልኩ፣ ፈረንጅ ለእነሱ ሲጾም እኔ አስጨምሬ እንደበላሁ። ያንን ፈራሁ። እውነቱ ይኸ ነው፤ ከመርዶው ይልቅ ያንን ፈራሁ።

"እንግዲያው ጉልበቷን ሳሙልኝ" አልኩት።

"እሺ ልጄ" አለ። "እሺ፣ እስምልሃለሁ።" መስመሩ ተቋረጠ።

ከዚያ አብዮቱ መጣ፣ መመለሻው መንገድ ተዘጋ፣ እኔም እዚሁ ቀረሁ። አያ ሞላ መንግሥት ሲለዋወጥ፣ ስንት ዓመት ሙሉ፣ በየደብዳቤው "እናትህ ደህና ናት" እያለ ጻፈልኝ። በኋላ አንድ ቀን የማላውቀው የእጅ ጽሕፈት መጣ። "አያ ሞላ ደህና ናቸው" ይላል።

እዚህ አገር የቦረና ልጆች ገብታችኋል ሲባል ሰማሁ፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለእናንተ ነው። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ነገሩንም አውቀዋለሁ። ግን ማንም አላረዳኝም፤ ሳያረዱኝ ደግሞ እንዴት ብዬ ላልቅስ? ያንን ምሳ የበላሁ ሰው ነኝ፣ ራሴን ላረዳ አፍ የለኝም። እባካችሁ አንድ ቀን ማልዳችሁ፣ ሦስት አራት ሆናችሁ በሬን አንኳኩና እታገኝ ሞታለች በሉኝ።