ፊልሙን ያስቆሙበት ቦታ

አጎቴ ካረፉ ወዲህ የጦር ፊልም ስናይ «እዚህ ላይ አቁመው» የሚለን የለም።

ባለፈው ዓመት ቢቸና ቤታችን ያየነው ፊልም ከአጎቴ ጋር የዘመተ የአንድ የሞጣ ወታደር ታሪክ ነበር። የወታደሩ እህትም ከሞጣ መጥተው አጠገባቸው ተቀምጠው ነበር። ፊልሙ ላይ ወንድማቸው ሜዳ ላይ ብቻውን እየፎከረ ሞተ።

«አቁመው» አሉኝ አጎቴ።

«እንዲህ አልነበረም እንዴ?» አሉ እህቱ።

አጎቴ ወደ እሳቸው ዞሩ።

«ተዋናዩ ጎበዝ ነው፤ ልብሱም መሣሪያውም ልክ ነው። ይኸ ግን ውሸት ነው፣ እታለም። አልፎከረም። ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌው ነበር፤ እስኪያልፍ ድረስ ስምዎን ይጠራ ነበር።»

«ይኸን ሁሉ ዘመን ብቻውን የሞተ መስሎኝ!»

ሴትዮዋ በዕድሜ ቢበልጧቸውም ጎንበስ ብለው የአጎቴን ጉልበት ሳሙ። «ኧረ ይተዉ፣ እታለም!» ቢሏቸውም ቀና አላሉም።