ሰጋቱራው ለማን ነው?

ድመቷ ቤታችን የገባችው ከነጓዟ ነው። ባለቤቴ የምትሠራበት መሥሪያ ቤት የነበረች ፈረንጅ ወደ አገሯ ስትመለስ ድመቷን፣ የምትተኛበትን ትራስ፣ የምትጸዳዳበትን ሳፋና የተጋመሰ የድመት አሸዋ አስረከበችን። የድመት አሸዋ የሚባል ነገር ፋብሪካ ተመርቶ፣ ታሽጎ፣ ባሕር ተሻግሮ እንደሚመጣ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። እኔ ባደግኩበት ቤት የነበረችው ድመት ጉዳይዋን ጓሮ ፈጽማ፣ አፈር አልብሳ ትመለስ ነበር፤ የት ነበርሽ ብሎ የጠየቃትም የለም። አሁን የምንኖረው ግን አያት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጓሮ የለንም።

አሸዋው ሲያልቅ ቦሌ አንድ ሱፐርማርኬት ሄድኩ።

"የለም፣ አልቋል" አለችኝ ሻጯ።

"መቼ ይመጣል?"

"ዶላር ሲገኝ።"

የውጭ ምንዛሪ እጥረት የእኔን ቤት ያንኳኳው በዚህ በኩል ነው። መሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ ስለ መድኃኒትና ስለ መኪና መለዋወጫ ሲያማርር፣ እኔ የራሴን ችግር አውጥቼ ለመናገር ድፍረት አጣሁ።

ባለቤቴ ኢንተርኔት ላይ መላ ፈለገች። "ጋዜጣ ቀዳዶ ማድረግ ይቻላል ይላል።" ጋዜጣ! በዚህ ዘመን ቤቱ ጋዜጣ ያለው ማን ነው? ወሬውን ሁሉ የምናነበው ስልክ ላይ ነው፤ ስልክ ደግሞ አይቀደድም። ከመሥሪያ ቤት የተጣለ ወረቀት ሰብስቤ መጣሁና ቀዳድጄ ሳፋው ውስጥ አደረግኩ። ድመቷ ላዩ ላይ ወጥታ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ከዚያ ወረደችና ጉዳይዋን ምንጣፉ ላይ ፈጸመች።

ቀጥሎ እውነተኛውን አሸዋ ሞከርን። ሰፈራችን ግንባታ ስለማይጠፋ የአንዱን ጅምር ሕንጻ ዘበኛ አስፈቅጄ አመጣሁ። ድመቷ ወደደችው። እንዲያውም ስለወደደችው በየጣቶቿ መሃል ይዛው እየወጣች ቤቱን አዳረሰችው። ሶፋው ላይ አሸዋ፣ አልጋው ውስጥ አሸዋ፣ አንድ ቀን ደግሞ ሽሮው ውስጥ አሸዋ። ባለቤቴ ማኘኳን አቆመችና "ወይ አሸዋው ይውጣ፣ ወይ አንተ" አለችኝ። ድመቷን ከምርጫው ውጪ ማድረጓን ልብ አልኩ።

የቀረን ሰጋቱራ ነበር። ከመሥሪያ ቤቴ አቅራቢያ፣ ከሃያ ሁለት ገባ ብሎ፣ አንድ የወሎ ልጅ በርና ቁም ሣጥን የሚሠራበት እንጨት ቤት አለ። ክራቫቴን እንዳሰርኩ ገባሁ።

"ሰጋቱራ ይኖርሃል?"

"ሞልቷል ጋሼ። ለምን ፈለጉት?"

በር ያሠሩ ሁለት ደንበኞች ቆመው ያዩኛል። "ለድመት መጸዳጃ" የሚለው ከአፌ አልወጣ አለ።

"ለዶሮ" አልኩ።

ፊቱ በራ። "ዶሮ ያረባሉ? ማሻአላህ! የሐበሻ ነው የፈረንጅ?"

"የሐበሻ።" ከዋሹ አይቀር ጥሩ ዘር መምረጥ ነው።

አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ጠቅጥቆ ሰጠኝና "እንቁላል ሲጥሉልዎ ያስታውሱኛል" ብሎ ሳቀ።

ሰጋቱራው ተአምር ሠራ። ሽታውን መጠጠ፤ ቤታችንም አዲስ ቁም ሣጥን የገባበት ይመስል እንጨት እንጨት ሸተተ። ድመቷ እየጫረች ትቀብራለች፤ ባለቤቴም ወደ ሽሮዋ ተመለሰች። የተበላሸው የእኔ ኑሮ ብቻ ነው። ማዳበሪያው አልቆ በሄድኩ ቁጥር አናጢው "ዶሮዎቹ እንዴት ናቸው?" ይለኛል። አንድ ቀን መጋዙን አጠፋና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ጋሼ፣ ባለቤቴ ልትወልድ ደርሳለች። የሐበሻ እንቁላል ጥሩ ነው ይላሉ። ካልከበድኩዎ..."

ምን ልበል? ከጉሊት እንቁላል እየገዛሁ፣ ሳር ባለው ካርቶን አድርጌ፣ ከዶሮዎቼ የመጣ አስመስዬ እየሰጠሁት ሰጋቱራዬን መውሰድ ጀመርኩ። ወቅቱ ሁዳዴ ነበር። ፎቃችን ላይ ያሉ አንዲት እናት ደረጃው ላይ ካርቶኑን አዩት።

"ልጄ፣ በዚህ ጾም?"

"ለሰው ነው እማማ።"

"አዎ፤ ሁሉም ለሰው ነው የሚለው።"

ባለቤቴ "እውነቱን ብትነግረው ምን ይልሃል?" ስትል፣ "አሁንማ በየት በኩል ልጀምር?" አልኳት።

አንድ እሑድ ስልኬ ጮኸ። አናጢው ነበር፤ ሰጋቱራ ሲበዛ ሊደውልልኝ ስልኬን፣ በጨዋታ መሃልም የምኖርበትን ሕንጻ ጠይቆኝ ነበር። "ጋሼ፣ ባለቤቴ በሰላም ተገላገለች! ግቢያችሁ በር ላይ ነኝ።" ስወርድ ከባጃጅ ላይ የዶሮ ቤት እያወረደ አገኘሁት። ከቁርጥራጭ እንጨት ሠርቶት፣ ቆጥ አበጅቶለት፣ ቆርቆሮ አልብሶት፣ ትንሽ በር ገጥሞለታል። ለአንዳንድ ሰው እንኳን ቤት የዚያን ያህል በጥንቃቄ አይሠራለትም። "እኔ ላውጣው" ብል እምቢ አለ፤ ትከሻው ላይ አድርጎ ደረጃውን ተያያዘው።

"በረንዳ ላይ ናቸው አይደል?" ብሎ ገባ።

ድመቷ ሳፋዋ ውስጥ፣ ሰጋቱራው ላይ፣ ሥራ ላይ ነበረች። እሱ የዶሮ ቤቱን እንደተሸከመ ድመቷን አየ፤ ሰጋቱራውን አየ፤ ልብስ ብቻ የተሰጣበትን በረንዳ አየ።

"ጋሼ፣ ዶሮዎቹስ?"

"የሉም።"

"ሞቱ?"

"ኖረውም አያውቁም።"

ሸክሙን ቀስ ብሎ አወረደ። "እንቁላሉስ?"

"እሱ እንኳን የእውነት የሐበሻ ነው። ከጉሊት ገዝቼው ነው።"

ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። "እኔ ለሚስቴ 'ከጋሼ ከገዛ ዶሮዎቻቸው ነው' እያልኩ ነው ያበላኋት" አለ። "ለድመት ነው ቢሉኝ ምን ነበረበት? እኛ ቤት ድመት አይባረርም። አባቴ መስገጃው ጫፍ ላይ ስትተኛበት እንኳን አያስነሳትም ነበር። ይስቅብኛል ብለው ነው?"

ባለቤቴ ሻይ ይዛ ደረሰችልኝ። እሱ እንደተቀየመ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ድመቷ ከሳፋዋ ወጥታ ወደ እሱ ሄደች። ሱሪው ሰጋቱራ ለብሷል፤ አሸተተችው፤ ደግማ አሸተተችው፤ ከዚያ ጭኑ ላይ ወጥታ በፊት እግሯ መጫር ጀመረች።

"ጋሼ!" አለ እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ፣ "መጸዳጃ ቤቷ መሰልኳት እንዴ?"

ባለቤቴ እየሮጠች አነሳቻት። እሱ ያኔ ሳቀ፤ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። እኛም ተከተልነው።

የዶሮ ቤቱን "ስጦታ አይመለስም" ብሎ ትቶልን ሄደ። ድመቷ አንድ ጊዜ አሸትታው አለፈች፤ ባለቤቴ ሽንኩርትና ድንች አስቀመጠችበት። ነፋስ ስለሚገባው አይበላሽባትም።

በሳምንቱ አራሷን ልንጠይቅ ሄድን። ገና ከበር ስንገባ ሕፃኑን እንዳቀፈች ቀና ብላ "ጋሼ፣ እንዴት ኖት? ዶሮዎችዎስ ደህና ናቸው?" አለችኝ። ባሏን አየሁት። እሱ ጣሪያውን ያያል።

"ደህና ናቸው" አልኩ።

"አላህ ያብዛልዎ።"

"አሜን" አለች ባለቤቴ፣ ከእኔ ቀድማ።